ጎማ ቁጠባ

ሦስት ዓመት ከመንፈቅ እቁብ የጣልኩበት፣
ሜክሲኮ አደባባይ ዝናብ የጠገብኩበት፣
በታክሲ ሰልፍ መሐል ጫማዬ ያለቀበት፣
ያ ብር ሞላና፣ አንድ ቅዳሜ ወጣሁ መኪና ልገዛበት።

ትርንጎ ከበር ላይ ይዛኝ እንዲህ አለች፦
«ሁሉንም እንዳትጨርሰው፤
መኪና የገዛ ሰው
ቤንዚን መግዣ ሲያጣ፣ ያኔ ነው የሚያለቅሰው።»

ደላላው ግዛቸው፣ ስሙ ሥራው ሆኖ፣
ከስታዲየም ጀርባ ጠበቀኝ ተጀንኖ።
አንዲት ነጭ ቪትዝ ታጥባ ተወልውላ፣
ጎማዋ እንደ ሙሽራ በጥቁር ተኩላ።
«ሐኪም ነው የነዳት፣ ከቤት ሆስፒታል፤
ዛሬ ካልወሰድካት ነገ ሌላ ይወስዳታል።»
ሜትሩ «ስልሳ ሺህ ነው የሄድኩት» ይላል፤
የፍሬኑ ላስቲክ ግን ተልጦ፣ ተልጦ፣
ብረቱ ያብለጨልጫል።

መካኒኬ ሙደሲር፣ ከሶማሌ ተራ፣
ቀለም አያይ፣ ዋጋ አይጠይቅ፣ ከማንም አያወራ፤
ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተ።
የዘይቱን ዘንግ መዘዘና ሶፍት ላይ ጠረገው፦
«ይሄ ዘይት አይደለም። ሬንጅ ነው።»
ግዛቸው ማለ። በእናቱ፣ በልጁ፣ በታቦቱም ማለ።
ሙደሲር እጁን እየጠረገ፣ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦
«ሰው ይምላል፣ ወንድሜ፤
ሞተር ግን አይምልም። እስቲ ዝም በል፣ ልስማው ቆሜ።»

ሰማው።
ምን እንደሰማ አልነገረኝም፤ ኮፈኑን ከደነው፣ ሄድን።
እኔ ግን፣ ልንገራችሁ፣ ልቤ ነጯ ላይ ቀረ፤
ዓይኔ፣ ኪሴን ሳያማክር፣ ቀብድ ከፍሎ ነበረ።

ከሰዓት፣ ጎማ ቁጠባ።
(ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ፤
ያን ቀን ግን ለእኔ የወጣ መሰለኝ ሰፈሩን ስገባ።)
በሸራ ሥር አንዲት ዲኤክስ፣ ዕድሜዋ ከእኔ እኩል፣
ሰማያዊዋን ፀሐይ ልሶት አመድ ሊሆን ምንም አልቀረው፤
የኋላ መብራቷ በፕላስተር ታስሯል፣ እንደ ተፈነከተ ልጅ።

ባለቤቷ ወይዘሮ ውድነሽ ይባላሉ፤
የተወደደው ስማቸው ብቻ ነው፤
ዋጋዋን፣ እንዳፈረ ሰው፣ ቀስ ብለው አሉ።
ጡረታ የወጡ ታይፒስት፣ ምድር ባቡር የሠሩ፣
«የግራ መስኮት አይወርድም» ብለው፣ ከነውሯ ጀመሩ።
«ዝናብ ሲዘንብ በኋላ በኩል ትንሽ ትጠጣለች፤
ሬድዮዋም ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ዝም ብላለች።»

ከዚያ ደብተር አወጡ። በጋዜጣ የተለበጠ፣
ጥጉ በጣት ብዛት የተላጠ፦

ኅዳር ፲፪፦ ዘይት፣ ፊልትሮ።
የካቲት ፫፦ የፊት ጎማ ሁለት። ተከራክሬ ቀነሰልኝ።
ሐምሌ ፳፩፦ ካንዴላ አራት።
ጳጉሜን ፬፦ ምንም። ታጠበች ብቻ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ እጅ ጽሕፈት።
ሙደሲር ጣቱን ከመስመር መስመር እየጎተተ አነበበ፤
አንድ ገጽ ላይ ቆመና ፈገግ አለ፤ ፍሪሲዮኑን የቀየረው
አስተማሪው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።
ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።
ከኪሴ አንድ ብር ሳንቲም ተቀብሎ
ከሞተሩ ክዳን ላይ አጋደመ፤
ዲኤክሷ እንደ ሽማግሌ ለራሷ አጉተመተመች፣ ብሬ ግን ባለበት ቆመ።
«ይቺ» አለኝ በጆሮዬ፣ «አሮጌ ናት፣ ግን አትዋሽም፤
ዕቃዋ እኛ ጋ ሞልቷል፣ ፈልገህ አታመሽም።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ።
ደብተሩን አየሁ። ዘጋሁ።
ነጯን ብወስድ ኖሮ ባዶ ኪስ ነበር የምገባ፤
አሁን ለቦሎ ተረፈ፣ ለቤንዚን፣
ለትርንጎም መነጽር፣ መርፌ ማስገባት ካቃታት ዓመት አልፏታል።
ሊብሬውን ሰጡኝ። ቁልፉን ሰጡኝ።
ደብተሩን ሲሰጡኝ ግን ጣታቸው ትንሽ ዘገየ፦
«ያልተጻፈበት ሉክ አለው» አሉ።

ለገሃር ጋ ትራፊክ አስቆመኝ፣ መስኮቱን አንኳኳ፤
በሩን ከፍቼ «ይቅርታ» ስል፣
ጎንበስ ብሎ አያትና «የታይፒስቷ ናት ለካ!»
ሜክሲኮ ሰልፉ ቆሟል፣ ዝናቡም ጀምሯል፤
እንደ ከዳ ሰው አንገቴን ሰብሬ አለፍኩ፤
ጫማዬ ግን ደርቋል።

ማታ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ጎድጓዳ ሳሕን አስቀምጬ፣
ደብተሩን ገለጥኩ። እጅ ጽሕፈቴ ከእሳቸው ጋር ሲተያይ ያሳፍራል።

ሰኔ ፯፦ ባለቤት ተለወጠ።
የግራ መስኮት አሁንም አይወርድም።